በመጀመሪያው ምት እምቢ ያሉ ጥይቶች

ሴፕቴምበር 12፣ እሑድ

ብዕሩን የያዘችው ዊልማ ናት፤ የሟቿ ሚስቴ የአግነስ ታናሽ እህት። ተናጋሪው እኔ ነኝ፤ ቨርሊን ሃውገን። ፊደል አልቆጠርኩም። የትምህርት ዕድሜዬን ግንድ ከሚጎትቱ በቅሎዎች ኋላ ነው የጨረስኩት። አላፍርበትም። ሰባ ስምንት ዓመት በሞንታና ተራራ ሥር ያለ ፊደል ኖሬያለሁ፤ ፊደል ከቆጠሩትም ውስጥ ስንቱን ቀብሬያለሁ።

የምናገረውን እንዳለ እንድትጽፍ ተስማምተናል። ሳልህንም ልጻፈው ወይ ትለኛለች። ሳሉን ተይው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት እንደየዓመቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የጠጠር ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ ለአደኑ ጠመንጃ ስናስተካክል ዋልን። እኔ፣ ልጄ ዴልና ሃርላን። ሃርላን ከጎረምሳነታችን ጀምሮ አንድ ድንኳን ውስጥ አብሬው የማድር ጓደኛዬ ነው። ጆሮው ከብዷል፤ አፉ ግን እንደ ድሮው ነው። ለአጋዘን አደን ስንወጣ ፈረሶቹን ዴል ያመጣል፣ ድንኳኑንና ምድጃውን ሃርላን፣ ጥይቱን እኔ። በኛ ድንኳን የሱቅ ጥይት ተተኩሶ አያውቅም። የተተኮሰውን ቀለህ እሰበስባለሁ፣ በቅርጽ ማውጫ ብረት ቅርጹን እመልስለታለሁ፣ ቂጡ ላይ አዲስ የእሳት ቆብ እተክላለሁ፣ ባሩዱን እሞላለሁ፣ አናቱ ላይ እርሳሱን እገጥማለሁ። የጠመንጃው መርፌ ቆቧን ሲመታት እሳት ትተፋለች፣ ባሩዱ ይነሳል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ትናንት ሃርላን ቃታ ሳበ። ቀጭ። ሌላ ድምፅ የለም።

ጥይት ሲከሽፍ አፈሙዙን ከዒላማው ሳያነሱ መጠበቅ ነው፤ እሳቱ ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል፣ ስንት ሰው ፊቱን ያጣው ቸኩሎ ነው። ሃርላን ይህን ያውቃል፤ ዝም ብሎ መጠበቅ ግን አይችልበትም። «ቨርሊን፣ ይሄ ጥይትህ እስኪወስን ድረስ ሲጋራ ላጭስ?» አለኝ። ጠበቀ። መርፌውን መልሶ ስቦ ያንኑ ጥይት ደገመው። ጧ! ተነሳ። ቆይቶ ሌላ ከሸፈበት፤ እሱም በሁለተኛው ተነሳ። ቀጥሎ የዴል ጠመንጃም እንደዚሁ አደረገ።

ዴል አልሳቀም። ፒካፑ ጋ ወስዶኝ በቀስታ «አባዬ፣ ዘንድሮ የሱቅ ጥይት እንግዛ» አለኝ። አምሳ ዓመት የሆነው ልጅ አባቱን ሲያባብል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እንዲህ ብለን ተለያየን፤ አደኑ ኦክቶበር 24 ይከፈታል። ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ጉድጓዱ ውስጥ እንገናኛለን። ጥይቴ ሁሉ በመጀመሪያው ምት ከተነሳ የኔን ይዘን እንወጣለን። አንድ ብቻ ከከሸፈ የሱቅ ይገዛል፤ የጥይት መሥሪያ ጠረጴዛዬም ከነዕቃው ወደ ዴል ጋራዥ ይሄዳል። «እዚያ አብረን እንሠራለን» ይላል። የዴል ጋራዥ ውስጥ አንድ የተበላሸ ማቀዝቀዣና የልጆቹ ብስክሌቶች አሉ። እዚያ የገባ ዕቃ ሲወጣ አላየሁም።

ጥይት የማልሠራ ከሆነ ድንኳኑ ውስጥ ምን ልሠራ ነው? ምድጃ ልሞቅ?

መጻፉ የዊልማ ሐሳብ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ የቀየርከውን እንጻፈው፣ አለዚያ ዞረህ ዞረህ እዚያው ትመጣለህ ትላለች። የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስታስተዳድር ሊጥ አልነሳ ሲላት እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ሊጥና ባሩድ አንድ አይደሉም አልኳት። ይሁን ግን።


ሴፕቴምበር 15፣ ረቡዕ

ጥፋተኛው ተገኝቷል። ቆቦቹ ናቸው። ዘንድሮ የገዛኋቸው ማሸጊያቸው ቀይ ነው፤ የድሮዎቹ ሰማያዊ ነበሩ። እርጥበት ገብቷቸዋል። ሱቅ ሄጄ ለባለሱቁ ለሎውል ፊት ለፊት ልነግረው ነው።

ያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። አልተገኘም።

ሎውል ከኔው ማሸጊያ ቆብ እያወጣ ባዶ ቀለህ ላይ ተከለ፤ ባሩድም እርሳስም የለበትም። ጓሮ ወስዶ በራሱ ጠመንጃ አንድ በአንድ መታቸው። እንደ ፈንዲሻ ተንጣጡ። አንዷም አላሳፈረችው። «ጋሽ ቨርሊን፣ እርጥብ ሆነው እንዲህ ከጮኹ ደረቅ ቢሆኑ ጣራዬን ይወስዱት ነበር» አለኝ። ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ።

ጥሩ ጥሩውን መርጦ ነው አልኩ። ዊልማ ግን ከማሸጊያው እያወጣ ያቀበለው ቨርሊን ራሱ ነው ብላ ጽፋለች፤ ጠይቄያት ነው የነገረችኝ። አይቻታለሁ ስትጽፍ። ማንበብ ባልችልም ሰው ነገር ሲጨምር ትከሻው ያሳብቃል።


ሴፕቴምበር 19፣ እሑድ

የሃርላን ጠመንጃ ነው።

ሃርላን ጠመንጃውን የሚቀባው በትራክተር ግራሶ ነው። ይህን ስንት ዓመት ነግሬዋለሁ። ብርድ ሲሆን ቅባቱ እንደ ሙጫ ይረጋል፤ መርፌውም ጭቃ ውስጥ እንደሚሮጥ ሰው ይሆናል፤ ደርሶ ቆቧን የሚመታበት ጉልበት የለውም። መቀርቀሪያውን ፈታን፣ መርፌውንና ሞላውን በላምባ አጠብን። የወጣውን ቆሻሻ ዊልማ የሞተ አይጥ መስሏት ወደ ኋላ ሸሸች። ሃርላን ጆሮው ስለማይሰማ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ጮኼ መንገር ነበረብኝ። በሦስተኛው «ሰማሁህ» አለ።

የታጠበውን ጠመንጃ ወስደን ተኮስን። አንድ፣ ሁለት፣ ደህና። ከዚያ ቀጭ።

«ቅባቴን መልስልኝ» አለኝ ሃርላን።

እንግዲህ ፍረዱ። የከሸፈው ሁሉ በሁለተኛው ምት ይነሳል። ጥይቱ መጥፎ ቢሆን ሁለተኛውንም እምቢ ይል ነበር። ስለዚህ የሰነፈው ጠመንጃው እንጂ ጥይቱ አይደለም። ይህን በትልቁ ጻፊው።

የዴል ጠመንጃስ? ትለኛለች ዊልማ። የዴልን ያጠበው ዴል ራሱ ነው፤ እንደ መስታወት ነው። እሱን ገና አስብበታለሁ።


ሴፕቴምበር 23፣ ሐሙስ

ችኮላ ላይ ነኝ። ሃርላን ፒካፕ ውስጥ ይጠብቀኛል፤ ጥሩንባውን እየነፋ ነው፤ እሱ አይሰማውም፣ እኛ ነን የምንሰማው። በሩቅ ሸንተረር ላይ በረዶ ወርዷል። አጋዘኖቹ ወደ ታች ይመጣሉ። ዊልማ የሸሚዜ ቁልፍ አንድ ዘሎ ተቆልፏል አለችኝ። እንዲህ ነው የምወደው።


ሴፕቴምበር 26፣ እሑድ

ዴል ዛሬ ምሳ መጣ። ስለ ጥይት አንድም ቃል አልተነፈሰም። ስለ አየሩ ብቻ። ልጄ ስለ አየር ሲያወራ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ሲወጣ ዊልማን በረንዳ ላይ አቁሞ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት፤ «ትንሽ ደክሟል መሰለኝ፣ ክረምቱን አንቺ እየመጣሽ ብታይው» ይላል። እኔ የምጠበቅ ሰው ነኝ? እሷ ምን እንዳለችው አልሰማሁም። አሁንም ጠየቅኳት፤ እየጻፍኩ ነው አለች። ብዕር የያዘ ሰው አፍ የለውም እንዴ?

እራት ስታዘጋጅ ጮኸችብኝ። የጋለውን የምድጃ ክዳን በባዶ እጅህ ይዘሃል ብላ። የጣልኩት በሷ ጩኸት ደንግጬ ነው እንጂ አቃጥሎኝ አይደለም። ጣቴ ላይ ትንሽ ውኃ ቋጥሯል። የግንድ ቆራጭ ቆዳ እንዲህ ነው፤ ወፍራም። የዘንድሮ ሰው ሻይ ብርጭቆ እንኳ በመሐረብ ነው የሚይዘው።


ሴፕቴምበር 29፣ ረቡዕ

ዛሬ ዊልማ ጥፋተኛ አገኘሁ አለች። ቅባት ነው አለች። የእሳት ቆብ ጠላቷ ቅባት ነው፤ ቅባት የነካት ቆብ ትታፈናለች። ይህን ያስተማርኳት እኔው ነኝ፤ መልሳ ለኔ ነገረችኝ።

ታዲያ ቅባቱ ከየት መጣ? አልኳት።

«ጠረጴዛው ላይ ዶሮ ጥብስ ስትበላ ነበር» አለች።

አልበላሁም።

«አጥንቱ የባሩዱ ሚዛን ሥር ነው።»

ይህን አትጻፊ።

እጄን በሳሙና አስታጠበችኝ፣ እንደ ሕፃን ክርን ድረስ። ጠረጴዛውን በአልኮል ጠረገችው። አዲስ ቆብ ከፈትን። በንጹሕ እጅ አንድ ሣጥን ሠራሁ፤ ሐሙስ ተኩሰን እናያለን። ቢሳካ ለዶሮ ይቅርታ አልጠይቅም።

ሐሙስ። ተኮስን። ሁለት ከሸፉ። ዶሮው ነፃ ነው።


ኦክቶበር 2፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጥይት ስሠራ ዊልማ አጠገቤ ተቀምጣ ሣጥን ውስጥ ትደረድራለች፤ ቂጣቸውን ወደ ላይ አድርጋ። እኔ አንዱን ስጨርስ በአውራ ጣቴ ቂጡን አንድ ጊዜ አበስ አድርጌ ነው የማቀብላት። ይህ የዕድሜ ልክ ልማዴ ነው። ቆቧ ከቀለሁ ቂጥ ትንሽ ዝቅ ብላ መቀመጥ አለባት። ከወጣች ጣት ይሰናከልባታል። መለኪያ መሣሪያ አለ ይላሉ፤ እኔ መለኪያዬን ይዤው ነው የተወለድኩት። አባቴም በጣቱ ነበር፤ ሃርላንም ጥይት እንዴት እንደሚሠራ ከኔ ሲማር መጀመሪያ ያሳየሁት ይህን ነው።

ዊልማ አንዱን ይዛ ቆመች። «ይሄኛው አፍንጫ አለው» አለች።

ተቀብዬ አበስኩት። ልሙጥ ነው። እንደ መስታወት።

ሌላ አነሳች። ይሄኛውም አለች። አበስኩት። ልሙጥ።

ነገሩ ግልጽ ነው። የሷ ጣት ዕድሜውን ሙሉ ከሊጥ ሌላ የዳሰሰው ነገር የለም፤ ለስልሷል፤ አቧራውም ተራራ ይሆንበታል። ነገርኳት። መደርደሯን ቀጠለች፤ ግን አንዳንዱን ወደ ቀኝ አንዳንዱን ወደ ግራ ነበር የምታደርገው። ሴት ወጥ ቤት ከለመደች ዕቃ ማዘዋወር አትተውም ብዬ ተውኳት።


ኦክቶበር 3፣ እሑድ

ይህን እንዴት እንደምናገረው እንጃ። በቅደም ተከተል ልሂድ።

እኔና ዊልማ ብቻችንን ጉድጓዱ ሄድን። ሽርጧን ከላይ ካፖርት ደርባበት መጣች። ምን የሚጠበስ አለ ብዬ ስቄባታለሁ። የሽርጡ ኪስ ሁለት ነው። ከግራ ኪሷ እያወጣች ታቀብለኛለች፣ እኔ በራሴ ጠመንጃ እተኩሳለሁ። ጧ። ጧ። ጧ። አንድም አልከሸፈም። ደስ አለኝ፤ ችግሩ ለቆናል አልኳት። አሁን ከቀኝ ኪሷ ማቀበል ጀመረች።

ቀጭ።

ጠበቅኩ፤ ደገምኩት፤ ተነሳ። ሌላ ሰጠችኝ። ቀጭ። ሌላ። ይሄኛው ተነሳ። ሌላ። ቀጭ።

ጠመንጃውን አስቀምጬ ዞርኩባት። ምንድነው ኪስሽ ውስጥ ያለው አስማት አልኳት።

«በቀኝ ያሉት አፍንጫ ያላቸው ናቸው» አለች።

ቤት ገባን። ቢላዬን አወጣሁ፤ ስለቱ ቀጥ ያለውን። ከቀኝ ኪሷ የተረፈውን ጥይት ቂጥ ላይ አጋደምኩት። ዓይኔ ደህና ነው፤ በሸንተረሩ ላይ አጋዘን ከዴል ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ። ቢላው ቆቧ ላይ ይወዛወዛል። በሁለቱም ወገን ብርሃን ይታያል። ከግራ ኪሷ ባለው ላይ ቢላው ልጥፍ ብሎ ይተኛል።

አሁን ገባኝ። ቆቧ እስከ ጥግ አልገባችም። መርፌው ሲመታት ጉልበቱን የሚጨርሰው እሷን ወደ ውስጥ በመግፋት ነው። ወደ ቦታዋ ትገባለች፤ እሳት አትተፋም። ለሁለተኛው ምት ግን መግቢያ የላትም፤ ትነሳለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥይቶቹ እየጮኹ ሲነግሩኝ የነበረው ይህንኑ ነው። እኔ ደግሞ በትልቁ ጻፊው እል ነበር።

ለምን አልገባችም? ቆቧን የምተክልበት መሣሪያ በእጅ የሚጨበጥ ነው። ጥጉ ሲደርስ እጅ ይሰማዋል። ሁልጊዜ ይሰማኝ ነበር።

ዊልማ ብዕሩን አስቀመጠች። ዓይንህን ጨፍን አለችኝ። ለምን? ጨፍን ዝም ብለህ። እጅህን ጠረጴዛው ላይ ዘርጋ። የምነካውን ጣት ንገረኝ አለች። ጨፍኜ ጠበቅኩ። ጠበቅኩ።

«ጀምሪ እንጂ» አልኳት።

«ጨርሻለሁ» አለች።

ለዛሬ ይበቃል።


ኦክቶበር 6፣ ረቡዕ

የሚጻፍ ነገር የለም። ጠረጴዛውን ጠረግኩ። ቀለሆቹን በየዓይነታቸው ለየሁ። በዓይን ነው የሚለየው፣ ያን እችላለሁ።

ዊልማ ዶናት ይዛ መጣች። አልበላም አልኩ። ኋላ ግን በልቻለሁ።


ኦክቶበር 9፣ ቅዳሜ

መፍትሔ ሰጥቻለሁ። ዊልማን ተቆጣጣሪ አድርጌ ሾሜያታለሁ። ቆቧ የምትቀመጥበትን ጎድጓዳ ከጥላሸት አጸዳለሁ፣ እተክላለሁ፣ እሷ በአውራ ጣቷ ታብሳለች። አፍንጫ ያለው ካለ ባሩድ ሳይገባበት ትመልስልኛለች፣ ደግሜ እጨብጠዋለሁ። ትልልቅ ፋብሪካዎችም ተቆጣጣሪ አላቸው። ለማንም የሚነገር ነገር አይደለም። የውስጥ አሠራር ነው።

ሥራውን ከመጀመሯ በፊት ግን እጇን አጣምራ ቆመች። ቅድመ ሁኔታ አለኝ አለች። «ድንኳኑ ድረስ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»

ዊልማ፣ እዚያ ሴት ሄዳ አታውቅም አልኳት።

«አግነስ ሠላሳ ዓመት ስትለምንህ ነበር» አለችኝ። «እኔ አልለምንህም። አውራ ጣቴ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ።»

አግነስ ትለምነኝ ነበር? እየቀለደች ነበር የሚመስለኝ።

ለዴል ምን እንበለው ስላት፣ ምግብ አብሳይ ነች በለው አለች። ሃርላን ባቄላ ማሳረር ይችላል፤ ከዚያ የተሻለ ነገር ማንም አይጠላም። ሐሳቡ የሷ ነው። እኔ ያልኩት እሺ ብቻ ነው።


ኦክቶበር 13፣ ረቡዕ

እየሠራን ነው። በችኮላ። ትመልሳለች፣ እጨብጣለሁ። ትመልሳለች፣ እጨብጣለሁ። «አፍንጫ» ትላለች። አንዳንዴ «አፍንጫ፣ የሃርላንን የሚያህል» ትላለች። ሳቅ ሳቅ ይለኛል፤ አልስቅም፣ ኃላፊ ነኝ።


ኦክቶበር 17፣ እሑድ

ሁሉም ተነሱ!

ዴልም ሃርላንም እኔም፣ ከየሣጥኑ እየመዘዝን፣ ዴል ዓይኑን ጨፍኖ እየመረጠ። ጉድጓዱ በጭስ ተሞላ። አንድ ቀጭ እንኳ አልተሰማም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሃርላን የመጨረሻውን ከተኮሰ በኋላ ባርኔጣውን አውልቆ ለጥይት ሣጥኑ እጅ ነሳ። ለኔ አይደለም፣ ለሣጥኑ።

ዴል ትከሻዬን ያዘኝ። ጠረጴዛህ ባለበት ይቆያል፣ ቃሌ ቃል ነው አለ። ቀጥሎ ግን ጠየቀኝ፤ «ምን ነበር ችግሩ፣ አባዬ?»

«ጥላሸት» አልኩት። «የቆቧ መቀመጫ ውስጥ ጥላሸት ነበር።»

ጥላሸት ነበር። ውሸት አይደለም። ዊልማ ፒካፑ ጋ ቆማ ቀለህ ትሰበስባለች፤ ቀና አላለችም።


ኦክቶበር 20፣ ረቡዕ

ጥላሸት ነበር አልኩ እንጂ ጥላሸት ብቻ ነበር አላልኩም።

ዊልማ ዛሬ ብዙ አትናገርም። ጓዟን ጠቅልላለች። የሱፍ ካልሲ ለኔም ገዝታለች። ምን አደረግሁ አልኳት። ምንም አላደረግህም አለች። እንደዚያ ስትል ከአግነስ ጋር አንድ ናቸው።


ኦክቶበር 23፣ ቅዳሜ

ድንኳኑ ውስጥ ነን። ነገ ሳይነጋ አደኑ ይከፈታል። ፈረሶቹ ውጭ ታስረዋል፣ ምድጃው ይነዳል፣ በረዶው ጉልበት ሊደርስ ነው። የተቀመጥነው አራታችን ነን።

እራት ላይ የሆነውን ላስጽፍ።

ዊልማ የበሬ ሥጋ በድንች ሠራች፣ ብስኩትም ጋገረች። ሃርላን ሦስት ጊዜ አስደግሞ በላ። ከዚያ አፉን ጠርጎ ነገር ጀመረ። ወጥ ቤታችን አደገ፣ ቨርሊን አርጅቶ ምግብ አብሳይ መቅጠር ጀመረ፣ የከርሞ ደግሞ ትራስ የሚያስተካክልለት ያመጣል አለ። ዊልማ ሳህን ሰበሰበች። «ቡና ጨምሪልኝ እስቲ፣ እመቤት አብሳይ» አላት ሃርላን ጽዋውን እያወዛወዘ። ክፋት የለውም፤ ሃርላን እንደዚያ ነው። እሷም ቀዳችለት። ዴል ፈገግ አለ።

እኔ አላስቻለኝም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምግቡ ጥሩ ነበር፣ ድንኳኑ ሞቅ ብሏል፣ ጠረጴዛዬ በቦታው ነው፣ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ዝም ብል ኖሮ ሁሉ ነገር እንደተፈለገው ይሄድ ነበር።

«ሃርላን» አልኩት። አልሰማም። «ሃርላን!» ዞረ። «እሷ አብሳይ አይደለችም። ያንተን ጥይት አንድ በአንድ በጣቷ የዳሰሰችው እሷ ናት። እኔ ጣቶቼ አይሰሙኝም። ከሰሞኑ አይደለም፣ ከቆየ ነው መሰለኝ። ቆቧ ትግባ አትግባ አላውቅም። ጥላሸት አልነበረም ያከሸፈው፤ እኔ ነኝ።»

ዴል እጄን አየ። ምድጃ ያቃጠለኝን ቦታ አየ፤ ቁስሉ ገና አልዳነም። እንግዲህ ጠረጴዛው ሄደ ብዬ በልቤ ተሰናብቼዋለሁ።

መጀመሪያ የተናገረው ሃርላን ነው። «እኔ ጆሮ የለኝም» አለ፤ «ዴል ያለ መነጽር ፈረስና ዛፍ አይለይም። አሁን አንተ ጣት የለህም። ከሦስታችን አንድ ደህና ሰው ቢወጣ ጥሩ ነው።» ዊልማ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ታጥባለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀች ነው ብዬ ነበር፤ ስትዞር ዓይኗ ቀልቷል። እየሳቀችም ነበር።

ቀጥሎ ዴል ተናገረ። ከአደኑ በኋላ ሐኪም ጋ ይዤህ እሄዳለሁ፣ አትከራከረኝ አለ። አልተከራከርኩም። ጠረጴዛውስ? አልኩት። ድምፄ እንደ ልጅ ነው የወጣው፤ ዊልማ ይህን ጻፊው፣ ግድ የለም።

«ጠረጴዛው እዚያው ይሁን» አለ ዴል። «ሁለተኛ ወንበር እሠራላችኋለሁ። ለአክስቴ የተመቸ፣ መደገፊያ ያለው።»

ሃርላን ምን አለ ምን አለ እያለ ይጠይቃል። ዊልማ ጆሮው ድረስ ሄዳ ጮኻ ነገረችው። ጠረጴዛ ላይ ያለውን ቡና ራሱ ተነስቶ ለሷ ቀዳላት። ሃርላን ለሰው ሲቀዳ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ግማሹን አፈሰሰው።

ጠመንጃዎቹ በር አጠገብ ቆመዋል። ጥይቱ ከብርድ እንዲጠበቅ መኝታ ከረጢቴ ውስጥ ነው ያለው። ነገ ከፍ ያለውን ሸንተረር እኔ እይዛለሁ፤ ዓይኔ ደህና ነው ብዬ ለዴል ደግሜ ነግሬዋለሁ፤ እሺ ብሏል።

በይ ዊልማ፣ ወደ መብራቱ ጠጋ በይ። ሃርላን እንዲሰማ ጮክ ብለሽ። ከመጀመሪያው አንብቢልኝ፤ ዶሮውንም ሳታልፊ።